121 ሽንፈት መሳቂያ አይደለም

ይድረስ ለስፖርት ገጽ አዘጋጅ

ጤና ይስጥልኝ። በቅርቡ በስፖርት ገጻችሁ ላይ ስለ ቤዝቦሉ ቡድን ስለ ቺካጎ ዋይት ሶክስ የ2024 የውድድር ዘመን አንድ አጭር ጽሑፍ አውጥታችሁ ነበር። በታሪክ መጥፎ ከሚባሉ ቡድኖች ተርታ አሰለፋችሁት፣ 121 ጊዜ ተሸነፈ አላችሁ፣ ከሥሩ ሁለት ቀልድ ጣል አድርጋችሁ አለፋችሁ። ቁጥሩ ትክክል ነው፤ በሱ ላይ ክርክር የለኝም። ያናደደኝ የሳቃችሁበት ሰው ነው። የሳቃችሁት በተጫዋቾቹ ነው። ያንን ዓመት እንደዚያ ያደረጉት ሰዎች ስም ግን ጽሑፉ ውስጥ አንድም ቦታ የለም።

እኔ ቺካጎ ነው የምኖረው፤ የዋይት ሶክስ ደጋፊ ነኝ። አዎ፣ በዚያም ዓመት ደጋፊ ነበርኩ። ከሥራ ስወጣ ጨዋታውን በሬዲዮ እየሰማሁ ነበር ቤቴ የምገባው፣ ከዚያ ቀሪውን በቴሌቪዥን አያለሁ። ሰው ሁሉ "አሁንም ታያቸዋለህ እንዴ?" ይለኝ ነበር። ስላየኋቸው ነው ይህን የምጽፈው። (ዓመቶቹንና ወሮቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው።)

ቤዝቦል ብዙም ለማይከታተል አንባቢ መጀመሪያ አንድ ነገር ላስረዳ። የአሜሪካ ትልቁ የቤዝቦል ውድድር በሆነው ሜጀር ሊግ ውስጥ 30 ቡድኖች አሉ። እያንዳንዱ በአንድ የውድድር ዘመን 162 ጨዋታ ያደርጋል፤ ከማርች መጨረሻ እስከ ሴፕቴምበር መጨረሻ፣ በስድስት ወር ውስጥ። የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ቡድን ዘጠኝ ወር ሙሉ 38 ጊዜ ነው የሚጫወተው። እነዚህ በየቀኑ ናቸው ማለት ይቻላል። ትናንት 10 ለ 1 የተሸነፈ ቡድን ዛሬ ማታ ያንኑ ተጋጣሚ መልሶ ይገጥማል። ቁጭ ብሎ ለመተከዝ ጊዜ የለም።

ጨዋታው እንዲህ ስለበዛ ሁሉም ይሸነፋል። በ2024 ዋንጫውን የወሰደው ሎስ አንጀለስ ዶጀርስ እንኳ በመደበኛው ውድድር 64 ጊዜ ተሸንፏል። ደካማ የሚባለውም ቡድን ብዙውን ጊዜ 60 ገደማ ድል አያጣም። ስለዚህ 121 ጊዜ መሸነፍ ተጫዋች ስለሰነፈ ብቻ የሚመጣ ነገር አይደለም። ከዚያ በፊት በዘመናዊው ቤዝቦል፣ ማለትም ከ1900 ወዲህ፣ ትልቁ የሽንፈት ቁጥር የኒው ዮርክ ሜትስ 120 ነበር። ሜትስ ግን በ1962 ገና የመጀመሪያ ዓመቱ ነበር፤ ሌሎች ክለቦች አንፈልጋቸውም ብለው ከለቀቋቸው ተጫዋቾች የተሰበሰበ ቡድን ነው። ዋይት ሶክስ እንደዚያ አይደለም። ከ1901 ጀምሮ በሜጀር ሊግ ያለ ክለብ ነው። በ2005 ሂውስተንን 4 ለ 0 ጠርጎ ወርልድ ሲሪስን፣ ማለትም የሊጉን የዋንጫ ፍጻሜ፣ ወስዷል። በ2021 ደግሞ 93 ጨዋታ አሸንፎ ምድቡን በአንደኝነት ጨርሷል።

ከ2021 እስከ 2024 ሦስት ዓመት ነው። ከ93 ድል ወደ 41 ድል የወረዱት በዚህ ጊዜ ውስጥ ነው። አንድ ጋዜጣ መጠየቅ ያለበት ይህን ነበር፤ እንዴት?

ዓመቱን እንዳየሁት ልንገራችሁ።

የመጀመሪያዎቹን 25 ጨዋታዎች 3 አሸንፈው 22 ተሸነፉ። ያኔ እንኳ ሰው ገና ነው ይል ነበር። ከዚያ ታምፓ ቤይን በተከታታይ ሦስት ጊዜ አሸነፉና ትንሽ ተነፈስን። ሜይ መጨረሻ ላይ 14 ተከታታይ ሽንፈት መጣ። በክለቡ ታሪክ እስከዚያ ድረስ በአንድ የውድድር ዘመን ውስጥ እንደዚያ የረዘመ ሽንፈት አልነበረም፤ ሪከርድ ሆነ። ሪከርዱ ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላው ራሳቸው ሰበሩት።

ከዚያ ከ14ቱ አንዱን ግን አልረሳውም። ሜይ 23፣ በሜዳቸው፣ ከባልቲሞር ኦርዮልስ ጋር። 9ኛው ኢኒንግ ላይ ናቸው፣ የመጨረሻው ዙር። ዋይት ሶክስ ተስፋ ከቆረጥንበት ቦታ ተነስተው 8 ለ 6 አድርሰውታል። አንደኛና ሁለተኛ ቤዝ (ሯጭ ነጥብ ለማስቆጠር የሚያልፍባቸው ማረፊያዎች) ላይ ሯጭ አላቸው፣ አውት የሆነው፣ ማለትም ከሜዳ የወጣው፣ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ተራቸው የሚያልቀው በሦስት አውት ነው። አንድ ጥሩ ምት ጨዋታውን እኩል ያደርጋል። አንድሩ ቤኒንቴንዲ መታ። ኳሷ ሩቅ አልሄደችም፤ ቀጥ ብላ ወደ ሰማይ ወጣች። ዳኛው ኢንፊልድ ፍላይ አለ። እንዲህ ከተባለ ኳሷ ተያዘችም ወደቀችም መቺው አውት ነው፤ ሯጮቹ ግን ባሉበት መቆየት ይችላሉ። ሁለተኛ ቤዝ ላይ የነበረው አንድሩ ቮን ወደ ቤዙ ልመለስ ሲል፣ ኳሷን አንጋጦ እያየ ከሚመጣው ከባልቲሞሩ ጉናር ሄንደርሰን ጋር መንገድ ላይ ተገናኙ። ሄንደርሰን ኳሷን ያለ ምንም ችግር ያዛት። ጉዳት የለም፣ የወደቀም የለም። ዳኛው ግን ቮን ተጫዋቹን አደናቅፏል ብሎ እሱንም አውት አደረገው። ሁለት አውት በአንዲት ኳስ። አለቀ። ሁለት ሰው ቤዝ ላይ እያለ ጨዋታው እዚያው ላይ ተዘጋ። በኋላ ሊጉ ለክለቡ ዳኛው በዚያ ሁኔታ ውሳኔውን የግድ መስጠት እንዳልነበረበት ነገራቸው ተብሎ ተጻፈ። ምን ይጠቅማል? ሽንፈቱ ሽንፈት ሆኖ ተመዘገበ።

ይህን በዝርዝር ያነሳሁት ዕድል ነው የጎዳቸው ለማለት አይደለም። በዕድል 121 ጊዜ አይሸነፍም። ያነሳሁት እነዚያ ልጆች 9ኛው ኢኒንግ ላይ፣ በተከታታይ እየተሸነፉ፣ የውድድር ዘመኑ ከወዲሁ ሞቶ እያለ፣ አሁንም ወደ ጨዋታው ለመመለስ ይታገሉ እንደነበር እንድታውቁ ነው። ቀልዱ ውስጥ ይሄ የለም።

ጁላይ 10 ላይ ትልቁ ጀመረ። 21 ተከታታይ ሽንፈት። እስከ ኦገስት 5 ድረስ አንድም ድል የለም። በአሜሪካን ሊግ (ሜጀር ሊግ ከተከፈለባቸው ሁለት ሊጎች አንዱ) ታሪክ ከዚያ በፊት እዚህ ቁጥር የደረሰው የ1988ቱ ባልቲሞር ብቻ ነበር። ሬዲዮ ከፍቼ ገና ከመጀመሪያው ኢኒንግ የአስተላላፊዎቹ ድምፅ ሲደክም ይሰማኝ ነበር። ኦገስት 6 ኦክላንድ ላይ 5 ለ 1 አሸነፉና ቆመ። በሁለተኛው ቀን አሰልጣኙ ፔድሮ ግሪፎል ተባረረ፣ ከረዳቶቹም ሦስቱ አብረው ሄዱ። ያኔ ቡድኑ 28 አሸንፎ 89 ተሸንፎ ነበር። ቀሪውን የያዘው የቀድሞው ተጫዋች ግሬዲ ሳይዝሞር ነው። እሱም 13 አሸንፎ 32 ተሸነፈ። አሰልጣኝ መቀየሩ ያመጣው ለውጥ ይሄው ነው፤ ከዚህ በላይ ስለ አሰልጣኝ ማውራት አያስፈልግም።

አሁን ደግሞ እናንተ ያለፋችሁትን ላንሳ።

ዋይት ሶክስን ከ1981 ጀምሮ የሚመሩት ጄሪ ራይንስዶርፍ ናቸው። የቅርጫት ኳሱ ቺካጎ ቡልስም የሳቸው ነው፤ ማይክል ጆርዳን ስድስት ዋንጫ ያነሳው በሳቸው ዘመን ነው። የ2005ቱም ድል በሳቸው ጊዜ የመጣ ነው፤ ያንን አልክድም፣ ከ1917 ወዲህ የመጀመሪያው ስለነበር ከተማው በደስታ አብዷል። ግን ሰው በሠራው ጥሩ ነገር የሚመሰገን ከሆነ ባበላሸውም ይጠየቅ።

በ2020 መጨረሻ ዋይት ሶክስ በወጣት ተጫዋቾች የተሞላ፣ ሁሉም የሚፈራው ቡድን ነበር። ለዚያ ቡድን አሰልጣኝ ሆኖ የተመረጠው ቶኒ ላሩሳ ነው፣ የ76 ዓመት ሰው፣ ከ2011 በኋላ ቡድን አሰልጥኖ የማያውቅ። ላሩሳ ትልቅ ታሪክ ያለው አሰልጣኝ ነው፣ ያንን የሚክድ የለም። ግን ምርጫው የባለቤቱ ነበር። ራይንስዶርፍ በ1986 እሱን ማባረራቸው ለዓመታት እንደቆጫቸው ራሳቸው ሲናገሩ የኖሩት ነገር ነው። የድሮ ቁጭታቸውን ለመካስ የዛሬውን ቡድን ሰጡት፤ እኔ የምረዳው እንደዚህ ነው። 2021 ላይ ምድቡን አሸነፉ፣ በጥሎ ማለፉ ግን ሂውስተን አሰናበታቸው። 2022 ላይ 81 አሸንፈው 81 ተሸነፉ፣ ላሩሳም በጤና ምክንያት ዓመቱ ሳያልቅ ከሥራው ራቀ። 2023 ላይ 101 ጊዜ ተሸነፉ። በዚያው ዓመት ኦገስት ላይ የቡድኑን ሥራ ለዓመታት የመሩት ኬኒ ዊሊያምስና ሪክ ሃን ተባረሩ። ደጋፊው አሁን ከውጭ አዲስ ጭንቅላት ይመጣል ብሎ ጠበቀ። በቀናት ውስጥ ከዚያው ክለብ፣ ያንኑ ሥራ ሲሠራ ከነበረው ክፍል፣ ክሪስ ጌትዝ ጄኔራል ማናጀር ተደርጎ ተሾመ።

ገንዘቡንም እንየው። በክለቡ ታሪክ እስከ 2024 ድረስ ለአንድ ተጫዋች የተሰጠው ትልቁ ውል የቤኒንቴንዲ ነው፤ ለ5 ዓመት 75 ሚሊዮን ዶላር። በአሜሪካ ሦስተኛ ትልቅ ከተማ ውስጥ ያለ ክለብ ነው ይህ። ሌሎች ክለቦች ለአንድ ሰው 300 ሚሊዮን በሚሰጡበት ዘመን። ብዙ ገንዘብ ያወጣ ሁሉ ያሸንፋል አልልም፤ ግን ተጫዋቹ ሲጎለምስ ለመሸጥ፣ ቦታውን ደግሞ በርካሽ ለመሙላት ዕቅድ ያለው ክለብ በየማታው ሜዳ ላይ ማንን እንደሚያሰልፍ አስቡት።

ደግሞ የሸጧቸውን ተመልከቱ። ዲላን ሲስ ምርጥ ኳስ ወርዋሪያቸው ነበር። ውድድሩ ሊጀመር ሁለት ሳምንት ሲቀረው ለሳንዲዬጎ ሰጡት። ጁላይ 25፣ ዋይት ሶክስ በ21ዱ ሽንፈት መሐል ላይ እያሉ፣ ሲስ ለዋሽንግተን አንድም ሂት (መቺውን ቤዝ ላይ የሚያደርስ ምት) ሳይፈቅድ ዘጠኙንም ኢኒንግ ጨረሰ። ከአራት ቀን በኋላ ሌላ ወርዋሪያቸው ኤሪክ ፌዲ፣ ቶሚ ፋም እና ማይክል ኮፔክ በአንድ ጊዜ ሄዱ። ኮፔክ የሄደው ዶጀርስ ነው፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ ሻምፒዮን ሆነ። እንግዲህ በጁላይ መጨረሻ ጥቂት ደህና ተጫዋች ብቻ የቀረው ቡድን ላይ ቆማችሁ ኦገስትና ሴፕቴምበር ላይ ለምን ተሸነፈ ብትሉ መልሱ እዚህ ነው።

ከቀሩት አንዱ ጋሬት ክሮሼ ነበር። ስለሱ ትንሽ ልቆይ። ክሮሼ ከዚያ በፊት ጨዋታ ጀምሮ አያውቅም፤ መሐል ላይ እየገባ አንድ ኢኒንግ የሚወረውር ልጅ ነበር፣ ክንዱም የቀዶ ሕክምና ያለፈበት ነው። በ2024 የመክፈቻውን ጨዋታ እሱ ጀመረ። በ146 ኢኒንግ 209 ስትራይክአውት (መቺው ኳሷን ሳይመታ አውት የሚደረግበት) አስመዘገበ። ቁመቱ ረዥም ነው፣ ግራኝ ነው፣ ኳሱ ከእጁ ስትወጣ መቺው ገና እጁን ሳያንቀሳቅስ ጓንት ውስጥ ትገባለች። ለኮከቦች ጨዋታ ተመረጠ። ከአጋማሹ በኋላ ክንዱን ለመጠበቅ ሲሉ በአንድ ጨዋታ ከአራት ኢኒንግ በላይ አይሰጡትም ነበር። እየመራ ይወጣል፣ ከዚያ የሚከተሉት ይጥሉታል፤ ስንቴ አየሁት! መዝገቡ ላይ 6 አሸንፎ 12 ተሸነፈ ይላል። መዝገቡን ብቻ ያየ ሰው መጥፎ ወርዋሪ ነው ይላል። በዲሴምበር ለቦስተን ተሰጠ። በ2025 በሊጉ ውስጥ ካሉት ወርዋሪዎች ሁሉ በላይ፣ 255 ስትራይክአውት መዝግቦ 18 ጨዋታ አሸነፈ። ሰውየው ያው ነው፣ ክንዱም ያው ነው። የተለወጠው ከኋላው የቆመው ክለብ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፤ እግር ኳስ የሚያይ አንባቢ ይህን ቶሎ ይረዳኛል። እንግሊዝ ውስጥ፣ እኛም አገር ቢሆን፣ መጨረሻ የሚወጣ ቡድን ወደ ታችኛው ሊግ ይወርዳል። ባለቤቱ ገንዘብ ያጣል፣ የቴሌቪዥን ገቢ ያጣል፣ ስሙ ይጠፋል። እና ይፈራል። ሜጀር ሊግ ቤዝቦል ውስጥ መውረድ የሚባል ነገር የለም። 121 ጊዜ ተሸንፈህ በሚቀጥለው ማርች ከ30ዎቹ አንዱ ሆነህ ትጀምራለህ። የጋራ የቴሌቪዥን ገቢው ይደርስሃል። የክለቡ ዋጋ ከዓመት ዓመት ይጨምራል። ባለቤቱ በሽንፈት የሚያጣው ነገር ምንድን ነው? የሚያጣው ደጋፊው ነው፤ ልጁን ይዞ ስታዲየም የሚሄደው ሰው፣ የተጫዋቹን ስም ለብሶ ሥራ ቦታ የሚቀለድበት ሰው።

ብዙ የተሸነፈ ቡድን ቢያንስ በድራፍት፣ ማለትም በአዳዲስ ወጣቶች ምርጫ፣ ቅድሚያ ያገኛል ትሉኝ ይሆናል። ዋይት ሶክስ ያንንም አላገኙም። ሆን ብለው የሚሸነፉ ክለቦችን ለመከላከል ሊጉ ዕጣ አስገብቷል፤ በሕጉ መሠረት ትልቅ ገበያ ያለው ክለብ ሁለት ዓመት በተከታታይ ከላይኛው ዕጣ ውስጥ አይገባም። እና በዘመናዊው ቤዝቦል ከሁሉም በላይ የተሸነፈው ቡድን በ2025 ምርጫ 10ኛ ላይ ተቀመጠ። ሕጉ ትክክል ነው፣ እኔም እደግፈዋለሁ። ግን በዚህ ሁሉ መሐል ባለቤቱን የሚነካ አንድ ቅጣት አለ? እኔ አላየሁም።

በዚያው ዓመት ደግሞ አዲስ ስታዲየም ይሠራልን ተባለ። ከከተማው መሐል በስተደቡብ "ዘ 78" የሚባል ባዶ መሬት ነበር፤ እዚያ ላይ። ለዚህ ከሕዝብ ገንዘብ ወደ 1 ቢሊዮን ዶላር እንደሚፈለግ ጋዜጦች ጻፉ። አሁን ያለው ስታዲየም የተከፈተው በ1991 ነው፣ እሱም በሕዝብ ገንዘብ ነው የተሠራው። በ1988 ክለቡ ወደ ፍሎሪዳ ልሂድ ብሎ ሲያስፈራራ የኢሊኖይ ሕግ አውጪዎች በመጨረሻዋ ሰዓት ድምፅ ሰጥተው ያዳኑት ነው። ከተማው አንዴ ከፍሎላቸዋል ማለቴ ነው። በየማታው እየተሸነፈ ያለ ክለብ ባለቤት የአስተማሪውንና የአውቶቡስ ነጂውን ግብር ሲጠይቅ፣ እናንተ ስለ ቡድኑ ስትጽፉ ይሄ ዜና አይደለም?

የመጨረሻውን ሳምንት ልንገራችሁና ልጨርስ። ሴፕቴምበር 22 ሳንዲዬጎ ላይ ተሸንፈው 120 ሞላ። የሜትስን ቁጥር እኩል ሆኑ። ቀጣዮቹ ሦስት ጨዋታዎች በሜዳቸው ናቸው፣ ከሎስ አንጀለስ ኤንጅልስ ጋር። አንድ ሽንፈት ብቻ ነው የቀረው። ጋዜጠኛው ሁሉ መጣ። ታሪክ ሲሠራ አየሁ ለማለት ብሎ ትኬት የገዛም ሰው ነበር። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል እንደሚባለው ነበር።

ማክሰኞ ማታ እስከ 8ኛው ኢኒንግ 2 ለ 0 ይመሩ የነበሩት ኤንጅልሶች ናቸው። ስታዲየሙ ውስጥ "ቡድኑን ሽጠው!" የሚል ጩኸት በተደጋጋሚ ይሰማል። ጩኸቱ ለማን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ከዚያ 8ኛው ላይ ዋይት ሶክስ ሦስት ነጥብ አስቆጠሩ። 3 ለ 2 አሸነፉ። ረቡዕ ወደ 10ኛ ኢኒንግ ሄደ፤ ቤኒንቴንዲ መታና 4 ለ 3 አሸነፉ። ተጫዋቾቹ ዋንጫ እንደወሰደ ሰው ሜዳ ውስጥ ሮጠው ከበቡት። ሐሙስ 7 ለ 0። ሦስት ቀን ሙሉ በሜዳችን ላይ ይሄ ነገር አይሆንም ብለው እምቢ አሉ። እኔ በዚያ ዓመት ከዚህ የበለጠ ያስደሰተኝ ነገር የለም፤ ቡድኔ መጨረሻ ላይ ሆኖ እንኳ።

ዓርብ ሴፕቴምበር 27 ዲትሮይት ላይ 4 ለ 1 ተሸነፉ። 121። ያው ማታ ዲትሮይት ታይገርስ ከ2014 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ለጥሎ ማለፉ አለፉና ሜዳው በደስታ ተናወጠ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ይኸው ታይገርስ በ2003 119 ጊዜ ተሸንፎ ነበር። ያኔም 120 እንዳይሞላ ከመጨረሻዎቹ ስድስት ጨዋታዎች አምስቱን አሸነፉ። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ2006፣ ወርልድ ሲሪስ ገቡ። ዋይት ሶክስም ቅዳሜና እሑድን እዚያው ዲትሮይት ላይ አሸንፈው ነው የጨረሱት፤ እነሱም ከመጨረሻዎቹ ስድስት አምስቱን። ሪከርዱ ከተሰበረ በኋላ፣ ካሜራው ሁሉ ከሄደ በኋላ፣ ምንም ትርጉም በሌላቸው ሁለት ጨዋታዎች። ደሞዙን ለመብላት ብቻ የሚጫወት ሰው እነዚያን ሁለት ጨዋታዎች ያሸንፋል?

በ2025 60 አሸንፈው 102 ተሸነፉ። አሁንም ትንሽ ነው፣ ግን ከ41 ይሻላል፤ አዳዲስ ልጆችም ነበሩ፣ አሰልጣኙም ዊል ቬናብል አዲስ ነበር። ባለቤትነቱን በሚመለከት ደግሞ ጀስቲን ኢሽቢያ የሚባሉ ባለሀብት ከ2029 ጀምሮ ክለቡን ሊረከቡ የሚችሉበት ስምምነት ተፈርሟል። ጊዜው ሩቅ ነው፣ ቢሆንም ደጋፊው የመጨረሻውን ቀን ማየት ችሏል። በነገራችን ላይ በ2025 ሜይ ላይ የተመረጡት ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሊዮ 14ኛ የቺካጎ ልጅ ናቸው፣ የዋይት ሶክስ ደጋፊ ናቸው፤ የ2005ቱን ወርልድ ሲሪስ የመጀመሪያ ጨዋታ ስታዲየም ገብተው ሲያዩ በቴሌቪዥን ታይተዋል። ደጋፊው ሁሉ ሞኝ ነው የምትሉ ከሆነ እሳቸውንም ጨምሩ።

እናም ጥያቄዬ አጭር ነው። ስለ ተሸናፊ ቡድን ስትጽፉ የሽንፈቱን ቁጥር ብቻ አትጻፉ። ባለቤቱ ማን እንደሆነ፣ ማንን እንደሸጠ፣ ስንት እንዳወጣ፣ ከመንግሥት ስንት እንደጠየቀ አብራችሁ ጻፉ። ለእግር ኳስ ክለቦቻችን ይህን ታደርጋላችሁ፤ አሰልጣኝ ሲባረር ቦርዱ የት ነበር ብላችሁ ስትጠይቁ አንብቤያለሁ፣ ወድጄዋለሁም። ለቤዝቦሉም እንደዚያው አድርጉ። አሜሪካ ውስጥ የሚኖር፣ ልጆቹ ትምህርት ቤት ቤዝቦል የሚጫወቱ፣ ጋዜጣችሁንም የሚያነብ ሐበሻ ብዙ ነው። ልጁ ስለሚወደው ቡድን በአማርኛ አንድ ቁም ነገር ያለው ጽሑፍ ቢያገኝ ደስ ይለዋል።

ደብዳቤው እንደረዘመ አውቃለሁ። ቦታ ካነሰባችሁ መሐሉን አሳጥሩት። ስለ ክሮሼ የጻፍኩትንና የመጨረሻውን ሳምንት ግን እባካችሁ አትቁረጡብኝ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የዋይት ሶክስ ደጋፊ፣ ከቺካጎ